ሣር የለበሰው ኮረብታ፦ የኤርትስበርግና የግራስበርግ የመዳብና የወርቅ ፍለጋ ታሪክ

ኒው ጊኒ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን የምትገኝ፣ በስፋቷ ከግሪንላንድ ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ የሆነች ደሴት ናት። ፓፑዋ የሚባለው ምዕራባዊ እኩሌታዋ ዛሬ በኢንዶኔዥያ ሥር ይተዳደራል። ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ አራት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ፣ በዓለም ከሚታወቁት የመዳብና የወርቅ ክምችቶች ከታላላቆቹ አንዱ እዚያ አለ። ስሙ ግራስበርግ ነው። ስለዚህ ቦታ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ በቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ቀን የወርቅ ዋጋ ሲወራ፣ ሌላ ቀን የፓፑዋ ታጣቂዎች ጥቃት ሲዘገብ፣ ወይም በ2025 እንደደረሰው ያለ የዋሻ ውስጥ አደጋ ሲሰማ። ከመነሻው ተያይዞ ሲተረክ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ፈላጊዎቹ ከፊታቸው የተደቀነውን ጥቁር አለት አዩ፤ አጠገቡ ያለውን ሣር የለበሰ ኮረብታ ስም ሰጥተውት አለፉ። በተራሮቹ ሥር ይኖር የነበረውን ሕዝብም እንዲሁ አልፈውታል። ዓመታቱንና ወራቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከ12 ሚሊዮን እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት በፊት

የኒው ጊኒ ማዕከላዊ ተራሮች በዕድሜያቸው ለጋ ናቸው። አውስትራሊያን የተሸከመው የምድር ቅርፊት ወደ ሰሜን ሲጓዝ ኖሮ፣ ከፓስፊክ በኩል ካለው ቅርፊትና ከደሴቶች ሰንሰለት ጋር ተጋጨ፤ ተራሮቹ መነሳት የጀመሩት ከ12 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተነጥፎ የነበረው የኖራ ድንጋይ በግጭቱ ተጨማደደ፣ ተሰበረ፣ ወደ ላይም ተገፋ። የደሴቲቱ ከፍተኛ ጫፍ ፑንቻክ ጃያ 4,884 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ይበልጣል። ሆኖም አለቱ የባሕር ልጅ ነው።

ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ከጥልቁ ቅልጥ አለት ስንጥቆቹን እየተከተለ ወጣ። ይህ በእኛ አፋር፣ ሐዳር ላይ፣ ድንቅነሽ ከኖረችበት ዘመን ብዙም የራቀ አይደለም። ቅልጡ አለት ባዶውን አልመጣም፤ ውሃ፣ ድኝ፣ መዳብና ወርቅ ይዞ ነበር። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ትኩሱ ፈሳሽ ከአለቱ ተለይቶ በታላቅ ግፊት ወጣና ዙሪያውን ያለውን ድንጋይ አደቀቀው፤ በየስንጥቁም መዳቡንና ወርቁን አስቀመጠ። ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ክምችት ፖርፊሪ ይሉታል። በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው መዳብ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ድንጋዩ ግን በቢሊዮን ቶን ይቆጠራል። ግራስበርግ የተፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የወጣው ሌላው ቅልጥ አለት ከኖራ ድንጋዩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ኖራ ድንጋይ ትኩስ ማዕድናዊ ፈሳሽ ሲያገኘው ይበላል፤ በቦታውም ሌላ ማዕድን ይተካል። በዚህ መተካካት የሚፈጠረው አለት ስካርን ይባላል። እዚህ ቦታ ጥቁርና ከባድ የሆነው ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ከመዳብ ጋር አንድ ላይ ረጋ። ኋላ የበረዶ ግግር ሸለቆውን ሲጠርበው በዙሪያው ያለውን አለት ወሰደ፤ ይህን ጠንካራ ጉብታ ግን ሊያነሳው አልቻለም። ብቻውን ቆሞ ቀረ።

የግራስበርግ ዕጣ ሌላ ሆነ። ዝናብ በማያባራበት በዚያ ከፍታ፣ ከመዳቡ ጋር ያለው ብረትና ድኝ አዘል ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይወልዳል፤ አሲዱም ከላይ ያለውን መዳብ አሟሙቶ ያጥበዋል። ከላይ የቀረው የተራቆተ አለትና ስስ አፈር ነው፤ የበቀለበትም ሣር። አንዱ ክምችት ራሱን አጋልጦ፣ ሌላው ራሱን ሸፍኖ ጠበቀ። የሰው ፍለጋ ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

1623–1913

በፌብሩዋሪ 1623 ሆላንዳዊው መርከበኛ ያን ካርስተንስዞን ፔራ በተባለች መርከብ የደሴቲቱን ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ይዞ ሲጓዝ፣ በሩቁ በረዶ የለበሰ ተራራ አየና በመዝገቡ ላይ አሰፈረው። በምድር ወገብ አካባቢ በረዶ አለ የሚለውን ወሬ በአገሩ የተቀበለው አልነበረም። እውነተኛነቱ የተረጋገጠለት ከሞተ ብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ተራሮቹም በስሙ ተጠሩ።

ሆላንድ በ1828 የደሴቲቱን ምዕራባዊ እኩሌታ ግዛቴ ነው አለች። ይህ ግን የወረቀት ላይ ግዛት ነበር። ከጠረፉ ተነስቶ ወደ ተራራው የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ረግረግ፣ ቀጥሎ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከዚያ በኋላ ገደል ይጠብቀዋል። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ሎረንትስ በ1909 በምሥራቅ በኩል ካለ ሌላ ጫፍ በረዶ ደረሰ። እንግሊዛዊው ዎላስተን በ1913 ወደ ካርስተንስ የበረዶ ግግር ተጠግቶ ተመለሰ። ስለ ማዕድን ያነሳ አልነበረም።

ተራሮቹ ሰው አልባ አልነበሩም። በደጋው ሸለቆዎች አሙንግሜዎች ስኳር ድንች እያለሙና አሳማ እያረቡ ይኖራሉ። በቆላው ወንዞች ዳርና በጠረፉ ካሞሮዎች ዓሣ እያጠመዱ፣ ሳጎ ከተባለው ዛፍ ግንድ ምግብ እያወጡ ይኖራሉ። በአሙንግሜዎች እምነት ምድሪቱ እናት ናት፤ በረዷማው ጫፍም ጭንቅላቷ ነው። ወደዚያ እንደልብ አይወጣም፤ አይቆፈርምም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጠብ ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው።

1936

ወደ ካርስተንስ ተራሮች የተደረገውን ቀጣዩን ጉዞ ያሰበው አንቶን ኮላይን ነበር። በኒው ጊኒ ነዳጅ ይፈልግ የነበረው የሆላንድ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅና የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሄንድሪኩስ ኮላይን ልጅ ነው፤ ተራራ መውጣትም ይወዳል። ዣን ዣክ ዶዚ የተባለ የ28 ዓመት ጂኦሎጂስትና ፍሪትስ ቪሰል የተባለ አብራሪ አብረውት ሄዱ። ኩባንያው ለነዳጅ ፍለጋው ደሴቲቱን ከአየር ላይ ፎቶ ያነሳ ስለነበር፣ ከነሱ በፊት የሄዱት መንገደኞች ያላገኙትን ነገር አግኝተዋል፦ ከላይ የታየ መሬት። ዕቃቸውን የተሸከሙላቸው ከቦርንዮ የመጡ ዳያኮች ናቸው፤ ስንቅ ደግሞ ከአውሮፕላን ይወረወርላቸው ነበር። ከነሱ በፊት የነበሩትን የመለሳቸው የስንቅ ማለቅ በመሆኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዓላማቸው የደሴቲቱን ከፍተኛ ጫፍ መውጣት ነበር። በዲሴምበር መጀመሪያ በበረዶ ከተሸፈኑት ጫፎች አንዱ የሆነውን ንጋ ፑሉን ወጡ። ፍለጋ ሳይሆን የተራራ ፍቅር ያመጣቸው ሰዎች በታሪክ የሚታወሱት ግን በጫፉ ሳይሆን በሸለቆው ውስጥ ባዩት ነገር ነው።

ዶዚ ከበረዶው በታች ባለው ሣራማ ሸለቆ ውስጥ አንድ ጥቁር የአለት ጉብታ ለብቻው ቆሞ አየ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ይህ ግን ጥቁርና ከባድ ሆኖ በላዩ የመዳብ ዝገት አረንጓዴ ጣል ጣል ብሎበታል። ለጂኦሎጂስት ይህ ቀለም ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ይናገራል። ቀረብ ብሎ ናሙና ወሰደ፣ ንድፉን ሣለ፣ ኤርትስበርግ ብሎም ጠራው፤ በሆላንድኛ የማዕድን ተራራ ማለት ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ ያለውን ሣር የለበሰ ክብ ኮረብታ ደግሞ ግራስበርግ፣ የሣር ተራራ፣ አለው።

ዶዚን ልንወቅሰው አይገባም። ግራስበርግ ላይ የሚታይ መዳብ አልነበረም፤ ያውም ያንን ሁሉ የጻፈው በየቀኑ በሚወርድ ዝናብና በሚያልቅ ስንቅ መካከል ነው። ይልቅስ የሚያስደንቀው ሁለቱንም በአንድ ካርታ ላይ ማስፈሩ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የሱን ወረቀት ይዞ ነው የሄደው።

1939–1960

ናሙናዎቹ ሆላንድ ውስጥ ተመርምረው መዳብና ወርቅ ተገኘባቸው። ዶዚ ግኝቱን በ1939 በላይደን በሚታተም የጂኦሎጂ መጽሔት አወጣው። በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሳ። ጀርመን በ1940 ሆላንድን፣ ጃፓን በ1942 በሆላንድ ሥር የነበረችውን የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ ያዙ። ኮላይን በጃፓኖች እጅ እስረኛ ሆኖ በ1945 ሞተ። ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ጦርነቱ ብቻ አልነበረም ያዘገየው። ከባሕር 100 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የመዳብ አለት፣ መንገድና ወደብ በሌለበት አገር፣ ለማንም አይጠቅምም ነበር። ሁኔታውን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሄሊኮፕተር፣ ሁለተኛው ኩባ።

በ1959 የምሥራቅ ቦርንዮ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ያን ቫን ግሩይሰን ስለ ኒኬል የሚያወሱ የቆዩ ጽሑፎችን ሲያገላብጥ የዶዚን ዘገባ አገኘ። በዚያው ዓመት ፎርብስ ዊልሰን ከተባለ አሜሪካዊ ጋር ተገናኘ። ዊልሰን ፍሪፖርት ሰልፈር ለተባለው ኩባንያ አዲስ ማዕድን የሚፈልግ ሰው ነው። ኩባንያው ኩባ ውስጥ ሞአ ቤይ በተባለ ቦታ በኒኬል ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፤ የፊደል ካስትሮ አብዮት ደግሞ ያን ንብረት ሊወስደው ተቃርቧል፤ በ1960 ወሰደውም። ስለዚህ ዊልሰን የዶዚን ገጾች ያነበበው አዲስ ቦታ የግድ በሚያስፈልገው ሰው ዓይን ነው።

በ1960 ጉዞ ጀመረ። ከጠረፉ ተነስቶ ወንዝ ለወንዝ፣ ቀጥሎም በእግሩ፣ ገደሉን እየቧጠጠ ወጣ። ጓዙን የተሸከሙለትና መንገዱን ያሳዩት አሙንግሜዎች ናቸው፤ ያለነሱ አንድም እርምጃ አይራመድም ነበር። ኤርትስበርግ ሲደርስ ጉብታው ዶዚ እንዳለው ሆኖ ጠበቀው። በመዶሻ ድንጋዩን ሲፈልጠው ከዝገቱ ሥር ወርቃማ ቢጫ የሚመስለው ያልዛገ የመዳብ ማዕድን ብቅ አለ። እዚያው ሰፍሮ ናሙና ሰበሰበ፤ ቀለል ባለ መሰርሰሪያም ሞከረው። ያኔ ከመሬት በላይ ከታዩት የመዳብ አለቶች እጅግ ትልቁ እንደሆነ ተረዳ። ኋላ ይህን ጉዞ በመጽሐፍ ጻፈው። አሙንግሜዎቹ ግን የተሸከሙት ሸክም ወደ ምን እንደሚያመራ የነገራቸው አልነበረም።

1962–1973

ዊልሰን ሲመለስ መሬቱ ባለቤቱን ሊቀይር ነበር። ኢንዶኔዥያ ምዕራብ ኒው ጊኒን ከሆላንድ ስትጠይቅ ቆይታ፣ በ1962 በኒውዮርክ በተፈረመ ስምምነት አስተዳደሩ በተባበሩት መንግሥታት በኩል አልፎ በሜይ 1963 ለጃካርታ ተላለፈ። ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ለምዕራባውያን ኩባንያዎች በሩን የዘጉ መሪ ስለነበሩ ፍሪፖርት እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። በ1965 በኢንዶኔዥያ ከተነሳው ደም መፋሰስ በኋላ ጄኔራል ሱሃርቶ ሥልጣን ሲይዙ ነገሩ ተገለበጠ። በ1967 መጀመሪያ አዲስ የውጭ ባለሀብቶች ሕግ ወጣ፤ በኤፕሪል ደግሞ ፍሪፖርት ለ30 ዓመት የሚጸና ውል ፈረመ። በአዲሱ ሕግ የገባ የመጀመሪያው የውጭ ኩባንያ ነው፤ ውሉም ለኩባንያው እጅግ የለሰለሰ ነበር።

የቀኖቹን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስምምነቱ የፓፑዋ ሕዝብ ዕጣውን ራሱ እንዲወስን ያዝዝ ነበር፤ ይህ የተደረገው በ1969 ነው። ያውም በተመረጡ ሺህ ያህል ሰዎች ድምፅ ብቻ፣ በወታደር ዓይን ሥር። ማዕድኑ ለባዕድ ኩባንያ የተሰጠው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። መሬቱ የማን እንደሚሆን ሳይጠየቅ በመሬቱ ላይ ውል ተፈረመ። ይህ በደል ነው፤ የሕግ ቋንቋ ሊያለሰልሰው አይችልም።

መሰርሰሪያዎቹ በሄሊኮፕተር ወጡ። ውጤቱ 33 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ ሆኖ በአማካይ 2.5 በመቶ መዳብ ያለው ነበር፤ ከግማሽ በመቶ ጀምሮ በሚታፈስበት ዘመን ይህ ከፍተኛ ነው። የጃፓንና የጀርመን ማቅለጫዎች ምርቱን ለመግዛት ተስማሙ፤ በነሱም መተማመኛ ብድር ተገኘ።

ከዚያ መንገዱ። ቤክቴል የተባለው የአሜሪካ የግንባታ ኩባንያ ከጠረፉ ረግረግ እስከ ተራራው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቆረጠ። አንድ ቦታ የተራራው ጀርባ እጅግ ስል ስለነበር ትናንሽ ቡልዶዘሮች በሄሊኮፕተር ተንጠልጥለው አናቱ ላይ ተቀመጡ፤ ጫፉንም እየላጩ መንገድ አወጡለት። ዋሻዎች ተበሱ። ማዕድኑ ካለበት ቦታ እስከ ወፍጮው ያለው ገደል 700 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ድንጋዩ በአየር ላይ በተዘረጋ ገመድ እንዲወርድ ተደረገ። ተፈጭቶ የተለየው ብናኝ ደግሞ ከውሃ ጋር ተደባልቆ በቧንቧ እስከ ወደቡ ይፈሳል። የመጀመሪያው ጭነት በዲሴምበር 1972 ወጣ። በማርች 1973 ሱሃርቶ ራሳቸው መጥተው መርቀው ከፈቱት፤ የሠራተኞቹን ከተማ ቴምባጋፑራ፣ ክፍለ አገሩን ደግሞ ኢሪያን ጃያ ብለው ሰየሙት።

1974–1987

አሙንግሜዎች መሬቱ ላይ የተሠራውን ሁሉ ሲያዩ ተቃወሙ። በጃንዋሪ 1974 ኩባንያው፣ መንግሥትና ሽማግሌዎቻቸው አንድ ስምምነት ፈረሙ፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የመሳሰለው ይሠራላቸዋል፣ እነሱም ማዕድኑን ይቀበላሉ። የፈረሙት ሰዎች መሬትን መሸጥ የሚባል ነገር በባህላቸው አያውቁም ነበር። በ1977 የነጻ ፓፑዋ እንቅስቃሴ ታጣቂዎች ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆነው የማዕድን ቧንቧውን ቆረጡት። የጦሩ አጸፋ መንደሮችን ያጠቃለለ ነበር፤ ሰውም አለቀ።

ለኩባንያውም ዘመኑ ቀላል አልነበረም። የመዳብ ዋጋ ወደቀ። ኤርትስበርግ በየዓመቱ እየተቆረሰ ሄደ፤ ዶዚ ያየው ጉብታ መጀመሪያ ሜዳ፣ ቀጥሎ ጉድጓድ ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመሬት በታች ኤርትስበርግ ኢስት የተባለ ተጨማሪ ክምችት ተከፈተ። ቢሆንም የማዕድኑ ዕድሜ በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነበር። ወፍጮ፣ መንገድ፣ ወደብና ከተማ አለ፤ የሚፈጨው ግን እያለቀ ነው። ፈላጊዎቹን ወደ ሣሩ ኮረብታ የመለሳቸው ይህ ጭንቀት ነው።

1988

ለ15 ዓመት ሠራተኞቹ ግራስበርግን ከሥራ ቦታቸው ሆነው ያዩት ነበር። ከላዩ የሚነሳ ናሙና መዳብ አላሳየም፤ ምክንያቱን ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ፣ መዳቡ ታጥቧል። ወርቅ ግን እንደ መዳብ በቀላሉ አይሟሟም፤ ባለበት ይቀራል። ከላይ ከተነሳው አለት ወርቅ መገኘቱ ፍንጭ ሆነ። ሥር ያለው ነገር ከላይ ካለው ሊለይ እንደሚችል ያመኑ ጂኦሎጂስቶች መሰርሰሪያ በሄሊኮፕተር አስወጥተው አናቱ ላይ እንዲያርፍ አደረጉ።

መሰርሰሪያው የተራቆተውን ሽፋን እንዳለፈ ማዕድን ውስጥ ገባ፤ ገብቶም አልወጣም። ከመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች አንዱ ወደ 600 ሜትር በሚጠጋ ርዝመት ከ1.5 በመቶ በላይ መዳብ፣ በቶንም ከ1.5 ግራም በላይ ወርቅ አሳየ። ለአንድ ባለሙያ የእንዲህ ያለ ጉድጓድ ውጤት በዕድሜ ዘመኑ አንዴ ይመጣ እንደሆነ ነው። በአብዛኛው የፖርፊሪ ማዕድን ውስጥ ወርቅ ለመዳቡ መጠነኛ ድጎማ ነው፤ እዚህ ግን ወርቁ ለብቻው በዓለም ካሉት ታላላቅ የወርቅ ክምችቶች አንዱን የሚያህል ነበር። ኤርትስበርግ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ሆነ።

በ1936 በአንድ ንድፍ ላይ ከተሣሉት ሁለት ኮረብቶች ሁለተኛው ለመከፈት 52 ዓመት ወሰደ። የኤርትስበርግ ጉድጓድ በተዘጋበት ሰሞን የግራስበርግ አናት መቆረስ ጀመረ። ኩባንያው ኤርትስበርግን ባያገኝ ኖሮ መንገዱም ወፍጮውም አይኖርም፤ እነሱ ባይኖሩ ደግሞ ሣር ብቻ በሚታይበት ኮረብታ አናት ላይ መሰርሰሪያ የሚያወጣ አይገኝም ነበር። ትንሹ ለትልቁ መንገድ ጠረገ።

1991–2013

በዲሴምበር 1991 አዲስ የ30 ዓመት ውል ተፈረመ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በቀን 20,000 ቶን ገደማ ይፈጭ የነበረው ወፍጮ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ200,000 ቶን በላይ መፍጨት ጀመረ። በ1995 የእንግሊዙ ኩባንያ፣ ኋላ ሪዮ ቲንቶ የተባለው፣ ገንዘብ ይዞ ገባ። ጉድጓዱ ወደ ታች 1 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪጠልቅ ተቆፈረ።

ከመቶ ቶን ድንጋይ 97 ወይም 98ቱ ከተፈጨ በኋላ ተረፈ ማዕድን ነው። ኩባንያው ይህን በወንዝ ወደ ቆላ እንዲወርድ አደረገ፤ ዝናቡ፣ የመሬት መንቀጥቀጡና ገደሉ ግድብ አያሠራም ሲል ተከራከረ። የአይክዋ ወንዝ በቀን በመቶ ሺህ ቶኖች የሚቆጠር ግራጫ ደለል ተሸክሞ ወረደ፤ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ደንና የሳጎ ቦታም በደለሉ ተዋጠ። ያ መሬት የካሞሮዎች ጓዳ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ኢንቨስትመንት መድን ድርጅት በ1995 የአካባቢ ጉዳቱን ጠቅሶ የኩባንያውን መድን ሰረዘ፤ በዓመቱ ቢመልስለትም። የኖርዌይ መንግሥት የጡረታ ፈንድ በ2006 የፍሪፖርትን፣ በ2008 የሪዮ ቲንቶን አክሲዮን አስወጣ።

በማርች 1996 በቴምባጋፑራና በቆላው ከተማ በቲሚካ ታላቅ ሁከት ተነሳ፤ ሥራ ለቀናት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ነው ከገቢው 1 በመቶ ለአካባቢው ሕዝብ እንዲውል የተወሰነው። በዚያው ዓመት የአሙንግሜው መሪ ቶም በአናል ኩባንያውን አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊንስ በሚገኝ የፌደራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ውድቅ ሆነ። የአንድ ተራራ ሽማግሌ ከኒው ጊኒ ደጋ ተነስቶ በኩባንያው አገር ዳኛ ፊት መቆሙ ግን በራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

በ2003 ኩባንያው ለኢንዶኔዥያ ጦር ጥበቃ በ2001 4.7 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2002 5.6 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን ይፋ አደረገ። በ2002 በመንገዱ ላይ በተተኮሰ ጥይት ሦስት መምህራን ተገድለው ነበር። በዚያው በ2003 የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ስምንት ሠራተኞች ሞቱ። በ2011 በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለሦስት ወር ሥራ አቆሙ። በሜይ 2013 ደግሞ በመሬት ውስጥ የሥልጠና ክፍል ጣሪያ ተደርምሶ 28 ሰዎች አለቁ፤ በስፍራው ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ ከባዱ ነው።

2017–2025

በጃንዋሪ 2017 ኢንዶኔዥያ ያልቀለጠ ማዕድን እንዳይወጣ ከለከለች፤ የድሮው ውልም በአዲስ ፈቃድ እንዲተካ፣ አብላጫው ድርሻም ለአገሪቱ እንዲተላለፍ ጠየቀች። ሁለት ዓመት ገደማ የፈጀ ክርክር ሆነ። በዲሴምበር 2018 የመንግሥቱ ኩባንያ ኢናሉም በ3.85 ቢሊዮን ዶላር ድርሻውን ወደ 51 በመቶ አሳደገ፤ ሪዮ ቲንቶ ወጣ፤ ለፓፑዋ ክልልና ማዕድኑ ላለበት ለሚሚካ ወረዳም 10 በመቶ ተመደበ። ፍሪፖርት እስከ 2041 የሚያሠራ ፈቃድ አገኘ። የ1967ቱን ውል ለሚያስታውስ ይህ የታሪኩ ትልቅ መታጠፊያ ነው።

በ2019 የላይኛው ጉድጓድ ሥራ አበቃ። ከ1990 ጀምሮ ከዚያ ጉድጓድ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ መዳብና 46 ሚሊዮን አውንስ፣ ማለት 1,430 ቶን ያህል፣ ወርቅ ወጥቷል። ክምችቱ ግን ወደ ታች ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሥራው ወደ ውስጥ ገባ። ዘዴው ብሎክ ኬቪንግ ይባላል። ከማዕድኑ ሥር ዋሻ ይበሳል፣ ከሥሩም ይሸረሸራል፤ አለቱም በራሱ ክብደት እየተሰባበረ ይወርዳል፤ እህልን ከጎተራ በታችኛው ቀዳዳ እንደማውጣት ያለ ነው። በየቀኑ ብዙ ያወጣል። ሆኖም ከላይ የተተወው ጉድጓድ ዝናብ ይሰበስባል፤ ውሃው ከደቀቀው ድንጋይ ጋር ሲገናኝ ጭቃ ይሆናል።

በሴፕቴምበር 8፣ 2025 ይህ ጭቃ ወጣ። ወደ 800,000 ቶን የሚገመት እርጥብ ድንጋይና ጭቃ በድንገት ወደ ዋሻዎቹ ገብቶ ሰባት ሠራተኞችን ገደለ፤ የአምስቱ አስከሬን ለመገኘት ሳምንታት ወሰደ። ኩባንያው ለገዢዎቹ ውሉን መፈጸም እንደማይችል አሳወቀ፤ የመዳብ ዋጋም በዓለም ገበያ ዘለለ። ጭቃው ያልነካቸው ሁለት የመሬት ውስጥ ማዕድኖች በኦክቶበር መጨረሻ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ዋናው ክፍል ግን ደረጃ በደረጃ እንዲከፈት ተወሰነ። ከግራስበርግ ጎን፣ በጥልቁ፣ ኩቺንግ ሊያር የተባለው ክምችት ከ2022 ጀምሮ ለምርት እየተዘጋጀ ነው፤ ከ2041 በኋላ ፈቃዱ እንዲራዘምና የኢንዶኔዥያ ድርሻ እንዲጨምርም ድርድር ተከፍቷል። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ጃካርታና ኩባንያው ናቸው።